ትርንጎ አደራ ያለችኝ የወፍ ጎጆ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር አጋማሽ ባለው ጊዜ ነው። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም። በስድሳ አምስት ዓመት ዕድሜዬ ክፉም ደግም አይቻለሁ፤ ዕረፍት የነሳችኝ ግን ከአውራ ጣቴ እምብዛም የማትበልጥ አንዲት ወፍ ናት።

የምኖረው ደብረ ታቦር ነው። በትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ዕድሜ ልኬን ዕቃ ስረከብና ሳስረክብ ስለኖርኩ፣ የሰፈራችን እድር «ይኼ ሰውዬ ማንኪያ እንኳ አይጠፋበትም» ብሎ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ድስቱን ለእኔ ሰጠኝ። በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር። ጥሩምባ ከተነፋ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ይቆማል።

የት እንደሚተከል የምወስነውም እኔ ነበርኩ። አጥር ካለ አጥር ይፈርሳል፣ ዛፍ ካለ ዛፍ ይቆረጣል። አንድ ጊዜ እትዬ አበቡ የሚባሉ ጎረቤታችን ባላቸው ሞተው እያለቀሱ፣ «ፈንታዬ፣ ትንሽ ፈቀቅ አድርገውና ጌሾዬ ይትረፍልኝ» ብለው ለመኑኝ። «ድንኳን ቦታ አይመርጥም» አልኳቸው፤ ጌሾው ተመነጠረ። ይህን ያልሰማ የእድር ሰው የለም። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ጓሮው አፉን ከፍቶ አያውቅም፤ እኔም ሥርዓት አስያዝኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ባለቤቴ ትርንጎ ይህን ጠባዬን አትወደውም። «አንተ ሰው፣ የራስህንም መቃብር ለክተህ ካልተረከብክ አትገባበትም» ትለኝ ነበር። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ያልቀለደችበት ነገር የለኝም።

ባለፈው ዓመት ልቧ ደከመ። ባሕር ዳር ወስጄ አሳየኋት። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ «ቤቷ ትረፍ» አለን። ነገሩ ለእኔም ገብቶኛል፣ ለእሷም ገብቷታል፤ እርስ በርስ ግን አልተነጋገርንበትም። ቤት ስንመለስ አልጋዋን ወደ መስኮቱ አዛወርኩላት። ከመስኮቱ ውጭ አንድ ያረጀ የኮክ ዛፍ አለ። አንደኛው ቅርንጫፉ እስከ መስኮቱ ድረስ ይመጣል። ብርሃን ይከለክላል ብዬ ልቆርጠው ብዙ ጊዜ ተነስቼ እሷ ናት የከለከለችኝ።

አንድ ቀን ጠዋት አጥሚት ይዤ ስገባ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችኝ። ባዘቶዋ መስኮቱ ደፍ ላይ ነበር። እጇ ደክሞ መፍተል ቢያቅታትም እንዝርቷና ባዘቶዋ ከአጠገቧ እንዲርቁ አትፈልግም። አንዲት አመድማ ትንሽ ወፍ፣ አፏ እንደ መርፌ ቀጭን፣ ጫፉ ጎበጥ ያለ፣ ከባዘቶው ላይ ትንሽ ነጭታ በረረች። ወዲያው ተመልሳ መጣች፤ እንደገና ነጨች።

«ቤት እየሠራች ነው» አለችኝ ትርንጎ በሹክሹክታ።

የወፏን ትክክለኛ ስም አላውቅም። ትርንጎ አበባ ቀሳሚ ትላታለች፤ አጥራችን ላይ ካለው ቀይ አበባ እየዞረች ስትቀስም ሁልጊዜ እናያታለንና። ወንዱ ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ ሆኖ ያብረቀርቃል። ሴቷ ግን ዓይን የማትገባ ናት፤ ካላስተዋሏት ቅጠል ትመስላለች።

ጎጆዋን በሳምንት ጨረሰችው። ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ እንደ ትንሽ ከረጢት አንጠለጠለችው። ሣሩን በሸረሪት ድር አጣብቃ፣ ውስጡን በትርንጎ ባዘቶ አልብሳ፣ በጎኑ በኩል አንዲት ጣት የምታስገባ በር አበጀችለት። እኔ ዕቃ አዋቂ ነኝ፤ እንዲያ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። ከመስኮቱ የሚታየን ጭራዋና አፏ ብቻ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረውም። ትርንጎ ስትነቃ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ወፏ ነው። አንበሳሜ የምታስተምር ሰብለ የምትባል ልጅ አለችን፤ ከሥራ ስትወጣ በየቀኑ ስትደውል፣ እናቷ ስለ ሕመሟ ትታ ስለ ወፏ ታወራላታለች። «ዛሬ ሁለት ጊዜ ብቻ ወጣች። ዛሬ ዝናብ መጥቶ አልተነሳችም። ባልየው ደግሞ አጥር ላይ ቆሞ ይዘፍናል እንጂ ቤቱን ዞር ብሎ አያይም፤ ልክ እንደ አባትሽ!» ትላታለች። ሰብለ ስትስቅ በስልኩ ይሰማኛል።

የጎረቤት ድመት ግንዱን ስታሸት አየናት። ትርንጎ አዘዘችኝና እሾህ ቆርጬ ግንዱን ዙሪያውን አሰርኩት። በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ ከጉና ተራራ በኩል ነፋስ ተነሳ። ቅርንጫፉ እየተወዛወዘ ጎጆውን አንዴ ወደ ግድግዳው፣ አንዴ ወደ ሰማይ ይወረውረዋል። ትርንጎ ከአልጋዋ ቀና ለማለት ስትታገል ሳያት ደነገጥኩ። ገመድ ይዤ ወጣሁ፣ ወንበር ላይ ቆሜ ቅርንጫፉን ከመስኮቱ ቋሚ ጋር አሰርኩት። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ «ጋሽ ፈንታ፣ ዛፉ ሊኮበልል ነው እንዴ?» እያለ ሳቀብኝ። ትርንጎም ከውስጥ ሆና ሳቀች። ያን ሳቋን ለመስማት ስል አሥር ዛፍ አስር ነበር።

ጫጩቶቹ የተፈለፈሉት ኅዳር ሲገባ ነው። መጀመሪያ ድምፅ ብቻ ሰማን፤ ጆሮ ሰጥተው ካላዳመጡት የማይሰማ ቀጭን ድምፅ። ቀጥሎ ሁለት ቢጫ አፎች በበሩ ብቅ አሉ። እናቲቱ ዕረፍት አጣች። ሸረሪት ታመጣለች፣ ትንኝ ታመጣለች፣ አንዱን አጉርሳ ሳትቆም ለሌላው ትሄዳለች። ኩሳቸውን ሳይቀር በአፏ ይዛ ወጥታ ርቃ ትጥለዋለች። ትርንጎ ይህን ስታይ «አየህ ጽዳት?» አለችና እንባዋ መጣ። «እኔም ሰብልዬን እንዲህ ነበር ያሳደግኋት» አለችኝ።

እነሱ እያደጉ እሷ እየደከመች ሄደች። ጫጩቶቹ ላባ ሲያወጡ ትርንጎ ብቻዋን መቀመጥ አቃታት። ትራስ ደርቤ አስደግፋታለሁ። እህል እምቢ ስትል «እነሱ እየበሉ ነው፣ አንቺም ቅመሺ» እላታለሁ፤ እንደ ሕፃን አንድ ማንኪያ ትቀበለኛለች። በልቤ አንድ ቀን ጨመርን እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ወፎቹ ቶሎ እንዲበሩ አልፈለግሁም። እስካልበረሩ ድረስ ትርንጎ የትም የማትሄድ ይመስለኝ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አንደኛው ጫጩት ግማሽ አካሉን አውጥቶ ክንፉን አራገበ። ትርንጎ እጄን ያዘችኝ። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

«ሁለት ሦስት ቀን ቢቀራቸው ነው» አለችኝ። «እኔ ባላይ አንተ እይልኝ። እስኪበሩ ድረስ ማንም እንዳይነካብኝ።»

«እሺ» አልኳት።

«በአፍህ አይደለም። አደራዬን ተቀበለኝ።»

«አደራሽን ተቀብያለሁ» አልኳት። ትርንጎ ከእኔ ጋር ስትኖር ያለ ርክክብ ነገር እንደማይሆንልኝ ታውቃለችና በዚያች ሰዓት እንኳ ፈገግ አለች።

በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት አጥሚቱን አሙቄ ስመለስ አርፋለች። ፊቷ ወደ መስኮቱ ነበር። ውጭ እናቲቱ ወፍ ታጎርሳለች፣ ጫጩቶቹ ይንጫጫሉ። እኔ አላለቀስኩም። ዓይኗን ከድኜ፣ ወጥቼ ለጎረቤት ነገርኩ። ጥሩምባ ተነፋ።

እድሩ እንዳስተማርኩት መጣ። ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ምሰሶው፣ ካስማው፣ ገመዱ፣ ሁሉም በቦታው። ምክትሌ ባዬ የሚባል ሰው ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሰው የማያስቀይም። ግቢያችን ጠባብ ነው። ድንኳኑ ሲዘረጋ የኮኩ ቅርንጫፍ መሐል ላይ ገባ።

ባዬ መጥረቢያ ይዞ ወደ እኔ መጣ። ሰዎች ከበውኛል፤ እትዬ አበቡም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከሴቶቹ ጋር ቆመዋል።

«ጋሽ ፈንታ፣ ይህን ቅርንጫፍ እንቁረጠው ወይስ ድንኳኑን ወደ መንገዱ እናዙረው?» አለኝ።

ልብ በሉ፤ ጠይቆኛል። አዙረው ብለው ያዞረው ነበር። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ቢበዛ ትንሽ ጭቃ ቢኖረው ነው። ጎጆውንም ረስቼው አይደለም። ረስቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ባዬ ሲጠይቀኝ ጫጩቶቹ እየጮኹ ነበር፤ እኔ ብቻ ነኝ የምሰማቸው።

ግን እትዬ አበቡን አየኋቸው። እሳቸው እንኳን ሊናገሩኝ ለእኔው ያለቅሱ ነበር። የእሳቸውን ጌሾ አስመንጥሬ የራሴ ኮክ ይትረፍልኝ በምን አፌ እላለሁ? ደግሞስ ምን ብዬ? «ወፍ ስላለችበት» ልበል? ሚስቱ ሳትቀበር ስለ ወፍ ያስባል ቢሉኝስ? ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ ሰው ያልተናገረውን ያሰማል።

«ቁረጠው» አልኩት።

ሁለት ጊዜ መታው። ቅርንጫፉ ግን አልወደቀም፤ እኔ ያሰርኩት ገመድ ይዞት ተንጠለጠለ። ባዬ «ይህን ደግሞ ማን አሰረው?» አለና ገመዱን በቢላዋ በጠሰው። አንድ ሰው ጎትቶ ወደ ወጥ ቤቱ ጀርባ ወሰደው። ድንኳኑ ቆመ። ቀጥ ብሎ፣ ሳይዘም፣ እኔ እንደምወደው።

ሰብለ ረፋድ ላይ ከአንበሳሜ ደረሰች። እሷን ደግፌ፣ ከሰዓት በኋላ ትርንጎን ቀብረን ተመለስን። ሰው እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ እኔ ወደ ወጥ ቤቱ ጀርባ ሾልኬ ሄድኩ። ቅርንጫፉ የማገዶ ክምር ሥር ነበር። ጎጆው አልተቀደደም። ጣቴን ሳስጠጋ ሁለት አፎች ተከፈቱ። በሕይወት ነበሩ።

ቅርንጫፉን አምጥቼ ከድንኳኑ በስተጀርባ፣ ከመስኮቱ ብዙም ሳይርቅ፣ ከአንዱ ምሰሶ ጋር አሰርኩት። እናታቸው ድምፃቸውን ሰምታ ታገኛቸዋለች ብዬ ነው። ከዚያ ተጠርቼ ገባሁና የሐዘንተኛ ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ።

እናቲቱ መጣች። በድንኳኑና በጣሪያው ክፈፍ መካከል ባለው ክፍተት ትታየኛለች። አፏ ላይ የሆነ ነገር ይዛለች። ጎጆው የነበረበት ቦታ ላይ፣ ባዶ አየር ላይ፣ ክንፏን እያርገበገበች ትቆማለች። ግራ ትሄዳለች፣ ቀኝ ትሄዳለች፣ ተመልሳ እዚያው ትቆማለች። ጫጩቶቹ ከጀርባዬ፣ ከሸራው ማዶ ይጠሯታል። ልትጠጋ ስትል ሰው በመካከል ያልፋል፤ ትደነግጥና ትሸሻለች። ቅርንጫፉን አንስቼ አየር ላይ ብይዝላት ታገኘው ነበር።

ብድግ ስል አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ትከሻዬን ይዘው ያስቀምጡኛል። «በርታ እንጂ ፈንታ፣ የአምላክ ፈቃድ ነው» ይሉኛል። እንደገና እነሳለሁ፤ በሌላ በኩል ሌላ ሰው ይይዘኛል። ሐዘን ያቅበጠበጠኝ መሰላቸው። ሰው ይገባል፣ «እግዜር ያጥናህ» ይለኛል፤ አሜን እላለሁ። ጆሮዬ ግን ከሸራው ማዶ ነው። መጀመሪያ ሁለት ድምፅ ነበር። ቆየና አንድ ሆነ። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል የጉና ብርድ ወረደ፣ አንዱም ተቆራረጠ። ጠበቅሁ። አሁን ይጮኻል፣ አሁን ይጮኻል እያልኩ ጠበቅሁ። አልጮኸም።

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ድምፄን አውጥቼ፣ ጎንበስ ብዬ፣ እንደ ልጅ። ጠዋት ትርንጎን ያላለቀስኩት ሰውዬ ድንኳኑን በጩኸት ሞላሁት። ሴቶቹ ተቀበሉኝ፣ ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሳ። ሰብለ እየሮጠች መጥታ እግሬ ሥር ወደቀች። ሰው ሁሉ ስለ ትርንጎ ነው ብሎ አለቀሰልኝ። ስለ ማን እንደሆነ እኔም ለይቼ አላውቀውም። የማውቀው «እሺ» ብዬ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላ አደራዋን መብላቴን ነው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ እያልኩ ስንቱን ሰው አስፈርሜአለሁ።

በማግስቱ ጎጆውን አውርጄ አየሁት። ክንፋቸው በቅሎ አልቆ ነበር፤ አንዳች የጎደለ ላባ የለም። ከነጎጆአቸው ቀበርኳቸው። እናቲቱ ሰልስት እስኪወጣና ድንኳኑ እስኪነሳ ድረስ ትመጣ ነበር፤ ያውም አንድም ቀን አፏን ባዶ አድርጋ አልመጣችም። ከዚያ ወዲያ ቀረች።

የእድሩን ዕቃ ለባዬ አስረክቤአለሁ። ዕድሜህ ገና ነው ብለው ብዙ ለመኑኝ፤ እግሬን ያመኛል አልኳቸው። እትዬ አበቡ ዘንድ ሄጄ ስለ ጌሾው ይቅርታ ጠየቅሁ። «አንተ ልጅ፣ እስከ ዛሬ ስለ እሱ ነው የምታስበው?» ብለው ሳቁብኝ። በሳቃቸው ግን አልቀለለኝም። ሰፈሩ ዛሬም «እንደ ፈንታ ሚስቱን ያለቀሰ ወንድ የለም» ይላል። ይህን ሲሉ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጣለሁ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። አርባዋን ያወጣን ዕለት ሰው ከሄደ በኋላ ሰብለ መስኮቱ ላይ ቆማ ወደ ውጭ ታይ ነበር። «አባባ፣ የእማዬ ወፎችስ በረሩ?» አለችኝ።

«በረሩ» አልኳት።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

«እንኳን! እማዬ ደስ ይላታል» ብላ አቀፈችኝ። አሁንም ስትደውልልኝ አልፎ አልፎ ስለ እነሱ ታነሳለች። ልጆች ወልደው ይሆናል ትላለች። እኔም ይሆናል እላታለሁ።

ሰብልዬ፣ እንዲህ ያለ የአንባቢ ገጠመኝ እንደማያልፍሽ ስለማውቅ ነው ለዚህ ጋዜጣ የጻፍኩት። ፊት ለፊት ልነግርሽ ስንት ጊዜ ተነስቼ አፌ ተሳስሯል። ልጄ፣ ወፎቹ አልበረሩም። ባዬ ጠይቆኝ ነበር። ቁረጠው ያልኩት እኔ ነኝ።